የመምህሯ ግራ ጉንጭ

እጄ ሥራ ፈቶ መቀመጥ አይችልበትም። ታክሲ ውስጥ የቦርሳዬን ዚፕ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፤ ሰው ሲያወራኝ የጠረጴዛ ጨርቅ ጫፍ እጠቀልላለሁ። ቢሮ ውስጥ ሁለት ዓመት ጸሐፊ ሆኜ ሠርቼ የወጣሁት ማንም ሳያስወጣኝ ነው፤ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ከዚያ ጸጉር ሠራሁ። ከዚያ የሦስት ወር ሥልጠና ወሰድኩና ካዛንቺስ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለ የውበት ሳሎን ፌሻል፣ የፊት ጽዳት፣ መሥራት ጀመርኩ።

በሥልጠናው ስለ ቆዳ ዓይነት የተማርነው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። ወዛም፣ ደረቅ፣ ድብልቅ፣ ስሱ። አራቱን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፣ ከሥራቸው አሰመርኩ፣ ዘጋሁት። የቸኮልኩት ማሽኖቹን ለመንካት ነበር።

ከሥራው ሁሉ የምወደው የሞተውን ቆዳ ማንሳቱን ነበር። ስክራቡን፣ ጥቃቅን ፍሬ ያለውን ማሻ፣ ግንባር ላይ አድርጌ በጣቶቼ እያዞርኩ ስፈትግ፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ስጠርገው፣ ጨርቁ ላይ የሚቀረውን አመዳም ነገር ሳይ አንድ ነገር የሠራሁ ይመስለኛል። ደንበኞቼም ይወዱታል። «ውይ፣ ፊቴ ቀለለኝ» ይላሉ፣ መስታወት ፊት ቆመው ጉንጫቸውን እየነካኩ። ክሬም ቀብቶ መጠበቅ፣ ወይም የአንዷን ፊት አይቶ «ዛሬ አልነካሽም» ማለት ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ያን ሰሞን ካዛንቺስም እንደኔ ዕረፍት አልነበራትም። ከሕንፃው ጀርባ የነበሩት ቤቶች ፈርሰው ቀኑን ሙሉ ዶዘር ያጓራል። መስኮት ከከፈትን አቧራው ፎጣው ላይ ይተኛል፤ ከዘጋን እንታፈናለን። የድሮ ደንበኞቻችን ግማሾቹ ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። አዲስ ሰው ደረጃውን ሲወጣ ስንሰማ ሁላችንም ከመቀመጫችን እንነሳለን። የሳሎኑ ባለቤት፣ እሷም ችኩል ሴት ናት፣ አንድ ፌሻል ከአርባ ደቂቃ እንዲያልፍ አትፈልግም። «ሊያንቀላፉ አይደለም የመጡት» ትለናለች። እኔ በሠላሳ አምስት እጨርስ ነበር። እኮራበትም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሃምሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያሉ ሴት ደረጃውን ወጥተው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ በሩ ላይ ቆሙ። ጥቁር ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ቂርቆስ አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል እንደሚያስተምሩና ወንድ ልጃቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሚያገባ ገና ሳይቀመጡ ነገሩኝ።

«የኔ ልጅ፣ ይቺን ማዲያት አንድ በይልኝ» አሉ ሁለቱን ጉንጮቻቸውን እያሳዩኝ። «ለፎቶው እንኳ እንዳምር።»

«ማዘር፣ በአንድ ቀን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ግን ይፈካሉ፣ ያዩታል።»

አስተኛኋቸው። ጸጉራቸውን በማሰሪያ ሰበሰብኩ። ከዚያ ፎጣ እያጣጠፍኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቻቸው፣ «የሚቀቡት ነገር አለ እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ ምንም። ቫዝሊን ነው።»

መብራቱን ወደ ፊታቸው ሳዞር ጉንጫቸው ላይ ያለው ቆዳ ስስ ብሎ ያብለጨልጫል። ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ። ግንባራቸውና አገጫቸው ግን ሌላ ነው፤ ደረቅ፣ ደህና። ይህን ሁሉ አይቻለሁ። አይቼ አለፍኩት።

ፍሬ ያለውን ስክራብ አነሳሁና ጀመርኩ። ግራ ጉንጫቸው ላይ ማዲያቱ ስለሚወፍር እዚያ ቆየሁ፤ ጫን አልኩ። ጠረግኩና አየሁት፤ አልረካሁም። እዚያው ላይ ፒሊንጉን ደረብኩበት። ፒሊንግ የምንለው የላይኛውን ቆዳ እያሟሟ የሚያነሳ አሲድ ነው፤ ያኛው ሳሎኑ አዲስ ያስመጣው ነበር፣ ጠርሙሱ ላይ «ለማንኛውም ዓይነት ቆዳ» የሚል ተጽፎበታል። ስክራብና ፒሊንግ በአንድ ቀን እንደማይሠሩ በሥልጠናው ሰምቼ ነበር። ግን ሁለት ሳምንት ነው የቀራቸው፣ እኔም እጄ ሞቋል።

«የኔ ልጅ፣ ያቃጥላል» አሉ።

«ትንሽ ይታገሱ፣ እየሠራ ነው።»

«በጣም ነው እኮ።»

«አንድ ደቂቃ ብቻ፣ ማዘር።»

እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ጨብጦ ይዟል። መምህር ስለሆኑ ይሆናል፣ የተባሉትን ያከብራሉ። ታገሡ። ሳጥበው ግራ ጉንጫቸው ከቀኙ ተለይቶ ቀልቶ ነበር። «ሲበርድ ይለቃል» አልኳቸው፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ ያዝኩላቸው። ከፀሐይ የሚከላከለው ሰንስክሪን አልቆብኝ ስለነበር ሳልቀባቸው ለቀቅኳቸው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በዚያ ፀሐይ፣ በእግራቸው ወደ ለገሃር ሲወርዱ በመስኮት አየኋቸው። ሰዓቴን አየሁ። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ቤቴ፣ ልብስ እያሰጣሁ ስልኬ ጮኸ። የመምህሯ ሴት ልጅ ናት።

«ትናንት እናቴን የሠራሻት አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ምነው?»

«ፎቶ ልኬልሻለሁ። እዪው።»

ቴሌግራሙን ከፈትኩ። ግራ ጉንጫቸው ውሃ ቋጥሮ፣ አንዳንዱ ቦታ ተላቆ፣ ሥሩ እርጥብ ሆኗል። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የተነሱት። የያዝኩት ልብስ ከእጄ ወደ ታችኛው ቤት በረንዳ ወደቀ፤ ላነሳው አልሄድኩም። አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ደረጃውን ወርጄ ግቢውን ዞርኩ፣ ተመልሼ ወጣሁ፣ እንደገና ወረድኩ። ለሳሎኑ ባለቤት ደወልኩላት።

«በቃ ስልኳን አታንሺ» አለችኝ። «ማለቴ፣ ከደወሉም ቤቷ ሄዳ የሆነ ነገር ቀብታበታለች ትያለሽ። ማን ያውቃል?»

እውነቱን ልናገር፤ ሐሳቡ አሳረፈኝ። ለግማሽ ሰዓት ያህል አምኜበትም ነበር፤ ሎሚ ነክተውበት ይሆናል፣ በሙቅ ውሃ ታጥበው ይሆናል። ከዚያ «ያቃጥላል» ያሉበት ድምፅ መጣብኝ። ለልጃቸው መልሼ ደወልኩና አድራሻቸውን ጠየቅኩ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አልገባሁም። ቦርሳዬ ውስጥ የእሬት ቅጠል፣ ሁለት ዓይነት ክሬም፣ አንድ ቅባት ከትቼ ከጎተራ ቂርቆስ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ ታክሲ ጥበቃ መቆም አልቻልኩም። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም ሳይርቅ፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው። ልጅቱ በሩን ከፍታ አየችኝ። እናትየው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። በሥራ ቀን፣ በትምህርት ሰዓት፣ ቤት።

«ግቢ፣ ቆመሽ አትቅሪ» አሉኝ።

«ምን ልታደርግ ነው የመጣችው?» አለች ልጅቱ ለእናቷ፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ።

«ይቅርታ ልጠይቅ» አልኩ። ቀጥሎ የምለውን አላሰብኩም ነበር። ቦርሳዬን ከፍቼ እሬቱን ማውጣት ጀመርኩ። «ይሄን ከቀባንበት…»

ልጅቱ እጄን ያዘችኝ። «አሁን ደግሞ ልትነኪያት ነው?»

እሬቱን መለስኩት። «እሺ፣ ሐኪም ጋ እንሂድ። የቆዳ ሐኪም። አብሬ እሄዳለሁ፣ ያደረግኩትን ራሴ እናገራለሁ።»

ሦስታችን ሄድን። ሐኪሟ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ዝግታዋ ሊያሳብደኝ ነበር። ጉንጫቸውን በብርሃን አየች፣ ሌላውንም ጉንጭ አየች፣ ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች ጠየቀቻቸው።

«ከዚህ በፊት ፊትዎት ላይ ምን ይቀቡ ነበር?»

«ቫዝሊን።»

«ከቫዝሊን ሌላስ? ሰው የሰጠዎት፣ ገበያ ላይ ያገኙት፣ ምንም ቢሆን። አልቆጣም።»

መምህሯ ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ጥቁሩን ቦርሳ ከፈቱና ክዳኗ የተላጠች ትንሽ ክብ ቆርቆሮ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ስም የለባትም።

«ጎረቤቴ ናት የሰጠችኝ። ማዲያት ታጠፋለች፣ ታቀላለችም ብላ። ስምንት ወር ሆነኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ክፍል ውስጥ ልጆቹን መልካችሁን ውደዱ እላለሁ። ምን ብዬ ልናገር?»

ልጅቱ «እማዬ!» አለች።

ከዚያ መምህሯ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺማ ጠይቀሽኝ ነበር። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።»

በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ለመጻፍ አሁንም አፍራለሁ። ደስ አለኝ። ከላዬ ላይ ሸክም የወረደ መሰለኝ። ሐኪሟ ግን አየችኝ።

«ቢነግሩሽ ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር?» አለችኝ።

የቦርሳዬን ዚፕ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ።

ስክራቡንም፣ ፒሊንጉንም፣ ፀሐዩንም፣ «ትንሽ ይታገሱ» ያልኩትንም ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። ቆርቆሮዋን አንስታ አሸተተችና እንዲህ ዓይነቱ ክሬም ከቀን ወደ ቀን ቆዳን እያሳሳ እንደሚሄድ አስረዳችን፤ እኔ ያብለጨልጫል ብዬ ያለፍኩት እሱን ነበር። የሳሳ ቆዳ የሚፈተግበት ነገር የለውም። በዚያ ላይ የእኛ ቆዳ ሲቆጣ ንዴቱን በጥቁረት ነው የሚያወጣው፣ ማዲያት ያለበት ሰው ሲፈተግ ማዲያቱ ይብስበታል እንጂ አይሄድም አለች። «ሰው አቃጠለኝ ካለሽ፣ ያን ጊዜውኑ ታጥቢያለሽ። ሌላ ትርጉም የለውም።»

«አሁን ምን ላድርግላቸው?» አልኳት።

«የማዝላቸውን ቅባት ራሳቸው ይቀባሉ። በለብታ ውሃ፣ ያለ ሳሙና ይታጠባሉ። ከፀሐይ ይጠበቃሉ። የቆርቆሮዋን ክሬም እንዴት እንደሚያቆሙ እኔ እየተከታተልኩ እነግራቸዋለሁ፤ አንዳንዱ በድንገት ሲቆም ያስቸግራል።»

«እሺ፣ እኔስ?»

«አንቺ ምንም። የሚላጠውን ቆዳ እንዳትነኪ፣ እሳቸውም እንዳይነኩት። እሬቱንም ቢሆን ተይው።»

ምንም አለማድረግ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ትእዛዝ የለም። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ በቂርቆስ በኩል አልፋለሁ፤ መጀመሪያ ልጅቱ ፊቷን ታጠቁርብኛለች፣ በአራተኛው ቀን ግን ወንበር ሰጠችኝ። መምህሯ ፊት ለፊት ተቀምጬ ጉንጫቸውን አያለሁ። ጠርዙ ላይ ቆዳው ደርቆ ብድግ ብሏል። በሁለት ጣት ያዝ አድርጎ ሳብ ማድረግ ነው፣ በቃ፣ ይነሳል። እጄን ከጭኔ ሥር አስገብቼ እቀመጥበታለሁ። እሳቸውም ያሳክካቸዋል፤ ጣታቸው ወደ ጉንጫቸው ይሄዳል፣ እኔ «ማዘር!» እላለሁ፣ ይመልሱታል። ትንሽ ቆይቶ እኔ ወደ ፊታቸው ጎንበስ ስል እሳቸው «ልጄ!» ይሉኛል።

አንድ ቀን ሰልችቷቸው ከአልጋው አጠገብ የተቆለለውን ደብተር ወደ እኔ ገፉት። ከትምህርት ቤት የላኩላቸው የሦስተኛ ክፍል ቃል ጽሕፈት ነው።

«እጅሽ ካላረፈልሽ እንኪ፣ ይሄን አርሚልኝ።»

ቀይ እስክሪብቶ ያዝኩ። አሥሩን ደብተር በአምስት ደቂቃ ጨረስኩና ሰጠኋቸው። ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

«ይሄ ልጅ ሁሉንም ስቷል ብለሻል» አሉ። «እዪው እስኪ። 'ሀ'ን በአንድ በኩል እያጠፈ ስለሚጽፋት ነው፤ ቃሉን አልሳተም። የእሱን እጅ ካላወቅሽ ማረም አትችይም።» ደብተሮቹን መለሱልኝ። «እንደገና።»

እንደገና አረምኩ። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

ሰርጉ ደረሰ። ቁስሉ ደርቋል፣ ቆዳው ተተክቷል፣ ግን በቦታው የመዳፍ ግማሽ የሚያህል ጥቁር ምልክት ቀረ። ሐኪሟ ገና ለጋ ስለሆነ ሜካፕ ባይነካው ብላ ነበር፤ እሳቸውም አላስነኩትም። «ካልመጣሽ እቀየምሻለሁ» ስላሉኝ ሄድኩ። አዳራሹ በር አጠገብ ቆሜ፣ የጥሪ ካርዱን በጣቶቼ መካከል እያጠፍኩ፣ እየዘረጋሁ አያቸዋለሁ። ሀበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው በእንግዶቹ መካከል ይዞራሉ። አንዲት ዘመዳቸው አገጫቸውን ያዝ አድርጋ ወደ ብርሃኑ አዞረቻቸው።

«ውይ፣ አንቺ፣ ፊትሽን ምን አገኘው?»

እግሬ ወደ ውጭ ሊወስደኝ ነበር። መምህሯ በሩ አጠገብ መቆሜን አይተዋል።

«ቸኩዬ ነው» አሏት። «በይ ወደዚህ ተቀመጪ፣ ምግብ አልቀረበልሽም እንዴ?»

ፎቶ ሲነሱ ከሙሽራው ልጃቸው በስተ ቀኝ ቆሙ። ፎቶ አንሺው ጤነኛውን ጉንጭ እንዲያዞሩ በእጁ ምልክት ሲያሳያቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ቀጥ ብለው ካሜራውን አዩ።

ሳሎኑ ውስጥ ግን ነገሩ እንዲህ አላለቀም። የሳሎኑን ባለቤት፣ ደንበኛ ከመተኛቷ በፊት አሥር ደቂቃ ለጥያቄ እንድትሰጠኝ፣ አዲስ ነገር ከመጠቀሜም በፊት አንድ ቀን ለሙከራ እንድትፈቅድልኝ ለመንኳት። «አንቺ ልጅ፣ ክሊኒክ ከፈትን እንዴ?» አለችኝ። እንደ ሰው ክፉ አልነበረችም፤ ሕንፃውም ይፈርሳል እየተባለ የሚወራበት ጊዜ ነበር፣ እሷም አልተኛችም። ሁለት ወር ተነታረክን። አንድ ጠዋት ፎጣዎቼን ጠቅልዬ ወጣሁ። አሁን መስቀል ፍላወር፣ አንድ ጸጉር ቤት ውስጥ በመጋረጃ በተከለለች ክፍል እሠራለሁ።

አሁን ፎጣ እያጣጠፍኩ አልጠይቅም። እቀመጣለሁ፣ ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ፣ «አልፈርድም፣ የሚቀቡትን ሁሉ ይንገሩኝ» እላለሁ። የሚነገረኝን ብትሰሙ! አንዷ ባንክ ትሠራለች፣ ፊቷ ወዛም ነው፣ በየቀኑ ጠዋትና ማታ በስክራብ ትፈትገው ነበር። «ከጣቴ ሥር ሲንቋቋ ነው ደስ የሚለኝ» ትላለች። ፊቷ ግን በተፈተገ ቁጥር ወዙ ይብስባታል፣ ያበጠ ብጉሯም ይፈነዳል። ስክራቡን አስጥዬ የቆዳ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ወዝ የሚያሟሟውን ለስላሳ አሲድ በሳምንት ሁለቴ ብቻ ሰጠኋት፤ ለአንድ ወር በየሦስት ቀኑ እየደወለች «መቼ ነው የሚለወጠው?» ስትለኝ ኖረች። ጨርቅ የሚነግዱ አንድ እናት ደግሞ ፊታቸው እንደ ወረቀት ደርቆ የሚነሳውን ሁሉ የሞተ ቆዳ ነው ብለው በስኳርና በሎሚ ሲፈትጉት ነበር። የሞተ አልነበረም፣ የተጠማ ነው። ከመፈተግ ይልቅ ክሬም ሆነ የሚያስፈልጋቸው፤ ማንሳቱን በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ፣ እሱንም በለስላሳው ዓይነት። ግንባሯ የሚወዛ፣ ጉንጯ የሚደርቅ ደንበኛ ስትመጣ አንዱን ፊት እንደ ሁለት ሰው እሠራለሁ። ቆዳዋ ስሱ የሆነች፣ ሁሉ ነገር የሚያቀላት ከሆነች ለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ይበቃታል፤ አንዳንዷን እሱንም አልነካትም። አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ከመንጋጋ ሥር ትንሽ ይቀባል፣ ነገ ተመለሺ ይባላል። ቅንድቧን በክር አስነቅላ የመጣችን በዚያው ቀን አልፈትጋትም። ሰንስክሪን ሳልቀባ ማንም ከመጋረጃው አይወጣም።

ዕረፍት አገኘሁ ማለቴ ግን አይደለም። ማስክ ቀብቼ አሥራ አምስት ደቂቃ ስጠብቅ በረንዳ ላይ እመላለሳለሁ፤ ጸጉር ሠሪዎቹ «ደግሞ ጀመራት» ይላሉ።

የመምህሯ ምልክት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ለቀቀ። ማዲያቱ አለ፤ ሐኪሟ ያዘዘችላቸውን ይቀባሉ፣ በጃንጥላ ይሄዳሉ፣ ተማሪዎቹ «ቲቸር ጃንጥላ» ይሏቸዋል አሉ። ለበዓል እንደዋወላለን። ልጅቱም አንዴ የምሠራበት ድረስ መጥታ ፊቷን አሠርታለች፤ ሥራውን ስጨርስ ምንም ሳትለኝ ጓደኛዋን ይዛ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሰች።

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ወጣት መጣች። ቅዳሜ ትመረቃለች። ከሦስት ቀን ጉዞ መመለሷ ነው፣ አፍንጫዋና ጉንጯ በፀሐይ ተቃጥሎ እየተላጠ ነው። «አንድ ጊዜ ሙልጭ አርገሽ አንሺልኝ» አለችኝ።

«አሁን አልነካሽም። ቅባት ብቻ ቀቢ፣ ከተመረቅሽ በኋላ ነይ።»

«ሲስተር፣ አልገባሽም መሰለኝ። ቅዳሜ ነው እኮ!»

«ገብቶኛል።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በመስኮት ሳያት መንገዱን ተሻግራ ፊት ለፊት ያለው ሳሎን ገባች። ከዚያ በኋላ ቁጭ ማለት አልቻልኩም፤ ሦስት ጊዜ ወርጄ መንገዱን ተሻገርኩ፣ ሦስት ጊዜም ደጁ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። በአራተኛው ገባሁ። ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥፍር እያሠራች ነበር። ፊቷ አልተነካም። ቀና ብላ አየችኝና «ወረፋ ላይ ነኝ» አለች። አጠገቧ ያለውን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ የመምህሯን ነገር፣ ለእናንተ እንዳወራሁት፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ጥፍሯ እስኪደርቅ ድረስ ሰማችኝ። ከዚያ ተነስታ ወረፋዋን ሰረዘችና ቤቷ ሄደች።